ቡችላ ፈላጊ ብዙ፣ ውሻ ፈላጊ ጥቂት፦ ለትንሽ ዝርያ ቡችላ አዲስ ቤት ለመፈለግ

ስሙ መቻል ነበር። በእኛ ሰፈር መቻል የሚባለው በር ላይ ተጋድሞ መንገደኛ የሚያስበረግግ ውሻ ነው። የእኛው መቻል ግን አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነጭ ማልቲዝ ቡችላ ነበር፤ ስሙን አጎቴ ለቀልድ ነው ያወጡለት። ቤት ልንቀይር ስንል አዲሱ አከራይ «ውሻ አይገባም» አሉን። ወሬውን ለዘመድ ለወዳጅ ባሰማሁ በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው «ለእኔ ስጪኝ» አለኝ። እኔም ቀድሞ ለመጣው ሰጠሁት።

በአሥረኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። መቻል ከበሩ ጥግ፣ ለትልቅ ውሻ በተሠራ ሰንሰለት ታስሮ፣ ወጥ የነካው እንጀራ ፊቱ ተቀምጦ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የፈለገው ግቢ የሚጠብቅለት ውሻ ነው። «ያድጋል ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ማልቲዝ አድጎ አድጎ ሦስት ኪሎ ገደማ ላይ እንደሚቆም አያውቅም፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አልነገርኩትም። ይቅርታ ጠይቄ ይዤው ተመለስኩ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ለዚህ ጽሑፍ ሁሉ መነሻ ነው፦ ቡችላ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ ውሻ የሚፈልግ ሰው ግን ጥቂት ነው። ቡችላነት ለወራት ነው። ትንንሽ ዝርያዎች ደግሞ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ከ12 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ያን ሁሉ ዓመት አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተራ ይከተሉ፤ እኔ የዘለልኩትን አይዝለሉ።

1. መስጠት ግድ መሆኑን ያረጋግጡ

ሌሊት ማልቀስ፣ ምንጣፍ ላይ መሽናት፣ ጫማ ማኘክ የቡችላነት ጠባይ ነው፤ ያልፋል። የሦስት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሦስትና አራት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ምክንያትዎ ይህ ብቻ ከሆነ ሁለትና ሦስት ወር መታገስ አዲስ ቤት ከመፈለግ ይቀላል።

ግድ የሚሉ ምክንያቶችም አሉ፦ የቤት ኪራይ፣ የአለርጂ ሕመም፣ ቤት የማያስውል ሥራ፣ ወደ ውጭ አገር መሄድ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ይደርስበታል። ዲቪ ደርሶት «ይዤው እሄዳለሁ» የሚል ሰው ይህን ይወቅ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላው ውሻ ወደ አሜሪካ አይገባም፤ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕም ሊኖረው ይገባል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት ይገኝባቸዋል ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከዚህ የሚሄድ ውሻ ተጨማሪ የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመውሰድ ደግሞ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ከዚያም ሦስት ወር ይጠበቃል። ጉዞው በቅርብ ከሆነ ቡችላው አይደርስም፤ ፍለጋውን ዛሬ ይጀምሩ።

አንድ ሕግ ደግሞ አይጣስም፦ ስምንት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ከእናቱ አይለይ። ምን ዓይነት ንክሻ እንደሚያምና መቼ ማቆም እንዳለበት የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ትንንሾቹን ዝርያዎች እስከ 10 እና 12 ሳምንት ማቆየት ይመረጣል።

2. ከማስታወቂያ በፊት ወደ እንስሳት ክሊኒክ

ቡችላው የክትባት ካርድ ይዞ ይውጣ። ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት ገዳይ የቡችላ በሽታዎች የሚሰጠው ጥምር ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል። የአንጀት ትል መድኃኒት እስከ 12 ሳምንት ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ነው። ክትባቱ ገና ካላለቀ የቀረው ምን እንደሆነና የሚሰጥበት ቀን ካርዱ ላይ ይጻፍ።

የእብድ ውሻ ክትባቱን ለይቼ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች 99 ከመቶ ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ያልተከተበ ቡችላ ልጆች ላሉበት ቤት መስጠት ስጦታ አይሆንም።

ሐኪሙ ትንንሽ ዝርያዎች ላይ የሚበዙትን ችግሮችም እንዲያይልዎ ይጠይቁ። የጉልበቱ ሎሚ ይንሸራተታል? የወተት ጥርሱ አዲሱ ሲበቅል ሳይወልቅ ቀርቷል? ቺዋዋ ከሆነ እርግብግቢቱ ምን ያህል ክፍት ነው? ወንድ ከሆነ ሁለቱም ፍሬዎቹ ወርደዋል? የተገኘው ሁሉ ካርዱ ላይ ይስፈር። ችግሩን ቀድሞ ሰምቶ «እሺ» ያለ ሰው ቆይቶ አይመልሰውም።

3. እውነቱን ይጻፉ

ማስታወቂያዎ የማይሆነውን ሰው የሚመልስ ወንፊት ይሁን። እኔ በሁለተኛው ዙር የጻፍኩት ይህ ነበር፦

«ወንድ ማልቲዝ ቡችላ፣ አራት ወር የሆነው። አሁን 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲያድግም ከ3 ኪሎ ብዙ አያልፍም። ለጥበቃ አይሆንም። ቤት ውስጥ ያድራል። በቀን አራት ጊዜ ይበላል። ብቻውን ሲተው ያለቅሳል፣ ሽንቱንም ገና አልተማረም። ክትባት ጨርሷል፣ ካርድ አለው። ከመስጠታችን በፊት ቤቱን መጥተን እናያለን።»

በመጀመሪያው ዙር አሥራ አንድ የነበረው ፈላጊ ሦስት ሆነ። የማስታወቂያው ሥራም ይኸው ነው።

ሲያድግ የሚደርስበትን ክብደት መጻፍ አይርሱ። ቺዋዋ ከ3 ኪሎ በታች ነው፤ ፖሜራኒያን ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ገደማ፤ ሺትዙ ከ4 እስከ 7 ኪሎ። «የፈረንጅ ውሻ» ሲባል ጀርመን ሼፐርድ የሚታየው ሰው ብዙ ነውና ቁጥሩ ይናገር።

«በነጻ» የሚለውን ቃልም ይተዉት። ትንሽ ዝርያ በነጻ ሲባል ቀድሞ የሚደውለው ወስዶ የሚሸጠው ነው። የክትባቱን ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መጠየቅ ነውር የለውም።

4. ከቅርብ ይጀምሩ

የመጀመሪያው ቦታ የእንስሳት ሐኪሙ ነው። የትኛው ቤተሰብ ውሻውን በጊዜው እንደሚያስከትብ፣ ማን ደግሞ ያረጀ ውሻውን እስከ መጨረሻው እንዳስታመመ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሻውን 13 ዓመት አኑሮ በቅርቡ የቀበረ ሰው ከተገኘ ፍለጋው ግማሽ አለቀ።

ቀጥሎ የሥራ ባልደረባ፣ ዘመድ፣ የእድርና የማኅበር ሰዎች። ቴሌግራም የመጨረሻው ይሁን፤ እዚያም የቤትዎን አድራሻ አይለጥፉ።

ነጋዴውን ጥያቄው ያጋልጠዋል። ስለ ጠባዩና ስለ ምግቡ ሳይጠይቅ «ሴት ናት? መቼ ትወልዳለች?» ካለ፣ «ዛሬውኑ ሹፌር ልላክና ይውሰደው» ካለ ስልኩን በትሕትና ይዝጉ። ሴት ትንሽ ውሻን ለማራባት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይጎዳታል፤ ትንንሾቹ ምጥ ይጠናባቸዋል፣ በቀዶ ሕክምና የሚገላገሉም አሉ። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለልጅ ልደት «ድንገተኛ ስጦታ» ለሚፈልግም አይስጡ። ተቀባዩ ራሱ ያልጠየቀው ውሻ በዓሉ ሲያልፍ ባለቤት ያጣል።

5. «አዎ» የማያስመልሱ ጥያቄዎች

«ውሻ ትወዳለህ?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ የታወቀ ነው። ሰውየው ኑሮውን እንዲያወራ የሚያደርጉትን ይምረጡ።

«ቀኑን ማን አብሮት ይውላል?» የትንሽ ዝርያ ቡችላ ብቻውን ዘጠኝ ሰዓት ሊውል አይችልም፤ በተለይ ከአራት ወር በታች ከሆነ ለረጅም ሰዓት ሳይበላ ከቆየ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል።

«በጾም ምን ይበላል?» የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቤቱ ሁሉ ሲጾም ሥጋም እንቁላልም አይገባም፤ ቡችላ ግን አይጾምም። «ለእሱ ለብቻው እንቀቅላለን» ያለ ሰው አስቦበታል።

«ከዚህ በፊት የነበረው ውሻችሁ ምን ሆነ?» «ጠፋ»፣ «መኪና ገጨው»፣ «ለሰው ሰጠነው» የሚሉ መልሶች ከተደጋገሙ የቤቱ ነገር ያሳስባል።

«ባለፈው ዓመት በግቢው ውስጥ በተቅማጥና በትውከት የሞተ ቡችላ አለ?» የፓርቮ ተሕዋስ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያህል ይቆያል። ካለ፣ የቡችላው ክትባት እስኪያልቅ ይቆዩ፤ ወለሉም በተበረዘ በረኪና ይታጠብ።

«በቤቱ ያሉት ሁሉ ተስማምተዋል?» ውሻ ከቤት ውስጥ ሲገባ በእምነታቸው ምክንያት የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። ያን ማክበር ይገባል። አያት የማይፈልጉት ቡችላ ውሎ አድሮ በረንዳ ላይ ማደሩ አይቀርም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ የሐምሌ ሌሊት ለአንድ ኪሎ ተኩል አካል አይቻልም።

«ቤቱ የኪራይ ነው?» ከሆነ አከራዩን በቀጥታ ያነጋግሩ፤ እኔን እዚህ ያደረሰኝ ይኸው ነውና። «ሕጻን አለ?» አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ቡችላውን ከፍ አድርጎ ይዞ እንዳይጥለው ማን እንደሚጠብቅ ይጠይቁ። ከሶፋ ላይ መውደቅ ብቻ የትንሽ ቡችላን እግር ይሰብራል።

6. ቤቱን ሄደው ይዩ

በስልክ ያማረ ቤት በዓይን ሲታይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሲገቡ በሩን ይመልከቱ፤ ከሥሩ የእርስዎ ጭብጥ ካለፈ ቡችላውም ያልፋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የበረንዳውን ብረት ክፍተት ይለኩ። የአይጥ መርዝ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። በግቢው ትልቅ ውሻ ካለ ሁለቱ ሲተያዩ እርስዎ ይኑሩ። ከከተማው ዳር ከሆነ ደግሞ ጅብ ይመጣል እንደሆነ ጎረቤት ይንገርዎ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ የሚመግበውን ሰው ያግኙ። በከተማችን ውሻውን «የእኔ» የሚለው አንድ ሰው ሆኖ የሚመግበው ሌላ የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ወይ የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ወይ ጥበቃው። የሚመግበው ሰው ውሻ የሚፈራ ከሆነ ወይም ሥራ ተጨመረብኝ ብሎ ካዘነ የባለቤቱ ፍቅር ቡችላውን አያድነውም።

መቻልን ያገኙት ሴት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሄጄ ጥያቄዬን ሳልጨርስ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር፦ «ምን ያስፈራዋል? መቼ ነው የሚተኛው? ሲታመም ምን ዓይነት ይሆናል?» ከዚያ አብራቸው የምትኖረውን ልጅ ጠሩና «ነይ፣ አንቺም ስሚ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንቺ ነሽ የምትመግቢው» አሏት። ልጅቷ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። መቻል አሸተታት። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት ነገር የለም።

7. ርክክቡ

የቅዳሜ ጠዋት ይመረጣል፤ አዲሱ ባለቤት ሁለት ሙሉ ቀን አብሮት ይውላል፣ ክሊኒክም ክፍት ነው። ሲመሽ አያስረክቡ።

አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉ። የሁለታችሁ ስምና ስልክ፣ የቡችላው መልክና ዕድሜ፣ የተሰጠውና የቀረው ክትባት፣ ከዚያም ሁለት ቃል፦ ለሌላ አይሸጥም፣ አይሰጥም፤ ማሳደግ ካልተቻለ ለሰጪው ይመለሳል። እንደ ወጋችን ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ክስ ለመመሥረት ተብሎ አይደለም፤ ሰው የፈረመበትን ያስታውሳል።

ከቡችላው ጋር የሚሄደው፦ የክትባት ካርዱ፣ የሚተኛበት ያልታጠበ ጨርቅ (ሽታው ያረጋጋዋል)፣ የለመደው ምግብ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ፣ ደረቱ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ። የአንገት ማሰሪያ ለትንንሾቹ አይሆንም፤ የመተንፈሻ ቧንቧቸው ስስ ነው። አዲሱ ምግብ ከድሮው ጋር እየተደባለቀ በሰባት ቀን ውስጥ ይተካ።

ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም ይስጡ። የእኔ እንዲህ ይላል፦

ወጥ አይሰጠው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ 2 ኪሎ የሚመዝን ቡችላን ለመጉዳት አንድ ትንሽ ሽንኩርት በቂ ነው። የዶሮ ወጥ አጥንት አይሰጠው፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ አይሰጠው። ዳቦ በወተት ምግቡ አይደለም፤ የላም ወተት ያስቀምጠዋል። ከተንገዳገደ፣ ከቀዘቀዘ፣ ሲጠሩት ካልሰማ ድዱ ላይ ጥቂት ማር ቀብቶ ወዲያው ሐኪም ዘንድ።

የመጨረሻዋን መስመር በትልቁ ይጻፉ። ስኳሩ የወረደበት ቡችላ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ማር ደግሞ ከየቤቱ አይጠፋም።

8. ከሰጡ በኋላ

ውሻ አዲስ ቤት የሚለምደው በሦስት እርከን ነው ይባላል፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይደበቃል፣ ምግብ ይቀንሳል፣ ያለቅሳል። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ያውቃል። በሦስት ወር ቤቱ የእሱ ይሆናል። ይህን ለተቀባዩ አስቀድመው ይንገሩ፤ በሁለተኛው ቀን «አልወደደንም» ብሎ እንዳይደውል።

እርስዎም በዚያው ልክ ይሂዱ። በሦስተኛው ቀን ይደውሉ፣ በሦስተኛው ሳምንት ይጠይቁት፣ በሦስተኛው ወር አንድ ጊዜ ይዩት፣ ከዚያ በኋላ በሩን አያንኳኩ። ይመለስ ከተባለ ያለ ወቀሳ ይቀበሉ። የተወቀሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይደውልም፤ ቡችላው መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁሉም ተሞክሮ ሰው ከጠፋስ? ጊዜ ይግዙ። ዘመድ ዘንድ ለአንድ ወር በአደራ ያስቀምጡት፣ ምግቡንና ሕክምናውን እርስዎ ይቻሉ። ገበያ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ትቶ መሄድ ግን አማራጭ አይደለም፤ በሰው እጅ ያደገ ትንሽ ውሻ ጎዳና ላይ ብዙ አይቆይም።

መቻልን በሦስተኛው ወር አንድ ጊዜ አየሁት። በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ ቀጭን፣ የተቆጣ ጩኸት ተሰማኝ። መምህርቷ ከፈቱ። መቻል ከእግራቸው ፊት ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ይጮኽብኛል፤ ከብርድ ግን አይደለም፣ ከቁጣ ነው። ቀረብ ብሎ አሸተተኝ፣ አወቀኝ፣ ጅራቱን ሁለት ጊዜ ወዘወዘ። ከዚያ ተመልሶ ከእሳቸው ቀሚስ ሥር ተኛ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ያን ጩኸት ሰምቼ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።